መስታወቱ የአጎቴ፣ ዓሣዋ የእኔ

ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ባለፈው ክረምት ልጄን ሊድያን ሳል ይዟት ክሊኒክ ተራ ስንጠብቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ለተኙ አንድ ሽማግሌ የተከፈተው ኦክስጅን በውሃ ውስጥ እያለፈ እንዲህ ይል ነበር። ሌላው ተረኛ ስልኩን እየነካካ ተቀምጧል፤ እኔ ግን ጆሮዬን ወደ መጋረጃው ጣልኩ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ሆኖም ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት ሙሉ ሶዶ ውስጥ፣ ከሶፋችንና ከቴሌቪዥናችን መካከል፣ ከባሕር ጋር አንድ ቤት ኖሬያለሁ፤ ድምፁም ይኸው ነበር።

ባሕሩን ያመጣው የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ጴጥሮስ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቶ ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመት በዓላችን፣ ሲመለስ፣ ዘመድ ሁሉ ልብስና ስልክ ይጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ከአይሱዙ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ የመስታወት ሣጥን፣ በጆንያ የታሰረ ጨው፣ አሸዋና ድንጋይ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ደግሞ አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ አወረደ። በአውራ መንገዱ ዳር ሆቴል ሊሠራ አስቦ ነበር። «ሶዶ ሆቴል ሞልቷታል፤ ባሕር ያለው ሆቴል ግን የላትም» ይል ነበር፣ አገጩን ከፍ አድርጎ። አባቴ የባዮሎጂ መምህር ስለነበረ፣ ሕንፃው እስኪያልቅ ባሕሩ እኛ ቤት እንዲቀመጥ ተስማሙ። የዚያ ጊፋታ እንግዶቻችን ሥጋውን በዳጣ እየበሉ ዓይናቸው ከመስታወቱ ላይ አልተነቀለም። አንዲት ጎረቤታችን ብዙ ጊዜ አፍጥጠው ካዩ በኋላ «ትበላለች?» ብለው ጠየቁ። «አትበላም» አላቸው አጎቴ። «ታዲያ ቀለቧን ማን ይችላል?» አሉና ቤቱን በሳቅ ገደሉት።

በበጋው እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ አባዬም ያን በጋ የእኔ ብቻ የሆነ ያህል ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ መስታወቱ ፊት ይቀመጥና ወንበር ወደ አጠገቡ ስቦ ይጠራኝ ነበር። የቧንቧ ውሃ ቀድቶ ማሳደር እንደሚገባ፣ ጨውን በባልዲ አሟሙቶ መለካት እንዴት እንደሆነ አሳየኝ። ውሃው እየተነነ ሲጎድል ጨዉ ስለማይተን የሚጨመረው ባዶ ውሃ መሆኑንም ያስረዳኝ እሱ ነው። ዓሣዋን ብርቱካን ብዬ ስም አወጣሁላት። ወገቧ ላይ ነጭ ቀበቶ ነበራት፤ እኔ ስገባ ወደ መስታወቱ ትመጣለች፣ ወንድሜ ሲገባ ድንጋይ ሥር ትደበቃለች፤ በዚህም ወንድሜን አበሽቀው ነበር። አባዬ በእሑድ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያን ልጆችን ያስተምር ስለነበረ ቤትም ውስጥ ማስተማር አይተወውም፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ተረት «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምትለው ነበረች። «የወለዱት» የተባለችው እኔ መሆኔን እንኳ ሳላስብ አብሬው እላት ነበር።

ክረምቱ ገብቶ የዳሞታ ተራራ በደመና ከተሸፈነ በኋላ፣ የሆቴሉ ጣሪያ ሲመታ፣ አጎቴ አንዲት ዓሣ ለምረቃ አትበቃም ብሎ በሾፌር ጓደኛው በኩል ሁለት ቢጫ ዓሦች አስመጣ፤ እንደመጡም ቀጥታ ብርቱካን ዘንድ ጨመራቸው። ጥቂት ቆይቶ ቢጫዎቹ ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ታዩ። ፍሬዎቹ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር፣ እኛም ጨው ናቸው አልን! ልጅነቱን ከብት ሲያደልብ ያደገው አጎቴ «አዲሱ ጨው አልሟሟ ብሎ ተለጥፎባቸው ነው፤ ከብት ጨው ጠላ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ፤ እማዬ ሳቀች፣ አባዬም ምንም የባዮሎጂ መምህር ቢሆን «ይሆናል» ብሎ ባዶ ውሃ ጨመረ። ዓሦቹ ግን በድንጋዩ ላይ ጎናቸውን ማከክ ጀመሩ፤ ጉንጫቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈት ነበር። ከዚያም ምግብ ተዉ። አንደኛው ቢጫ ሞቶ ሲንሳፈፍ፣ አባዬ ከቆዳው ላይ ጥቂት ፍቆ የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ጋ ወሰደኝ። በአንድ ዓይኔ ሳይ ክብ ነገር ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ጨው አልነበረም፣ ሕይወት ያለው ነገር ነበር።

ከኢንተርኔት ቤት ያነበበውንና በስልክ ከጅቡቲ የጠየቀውን አባዬ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ተባዩ ከዓሣዋ ቆዳ ሥር ገብቶ ይጠግብና ይወድቃል፤ አሸዋው ውስጥ ቅርፊት ሠርቶ ይቀመጣል፤ ቅርፊቱ ሲፈነዳ ብዙ ሆኖ ወጥቶ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛል። ዓሣ ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዓሣዎቹን አውጥቶ ለብቻ በመዳብ መድኃኒት ማከም፣ መስታወቱን ደግሞ ያለ ዓሣ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ማቆየት ያስፈልጋል። «ጥቅምት ሳያልቅ እዚያ ውስጥ ዓሣ ከገባ ድካማችን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው» አለኝ።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ተሰላቸ። ብርቱካንም በዚያ ሳምንት ክንፏ ላይ ነጭ ነጭ አውጥታ ነበር። «ጋሼ፣ በቃ ይጣሉ። ለምረቃው ሌላ አስመጣለሁ» አለው አባዬን። እኔ መስታወቱን አቅፌ ጮህኩ። አጎቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«እሺ ምሕረት፣ ኮታ ውሰጃት። ካዳንሻት መስታወቱ የእኔ፣ ዓሣዋ ያንቺ።»

ኮታ በእኛ አገር ጨዋታ አይደለም። ከብት ያለው ሰው የራሱ ከብት ለሌለውና ጉልበት ላለው ሰው ላሙን ይሰጣል፤ ያኛው አጭዶ፣ አብልቶ፣ ሲያማትም አስታሞ ያሳድጋትና በተነጋገሩት መሠረት ይካፈላሉ። ወረቀት የለም፣ መሐል የሚቆም ሰው አለ። ገጠር አያቶቼ ቤት ሲደረግ አይቼ ስለነበር የአጎቴን እጅ ከመያዜ በፊት «ምስክሩስ?» አልኩ። አባዬ ደስ ብሎት «ምስክሩ እኔ ነኛ!» አለና ሰፊ መዳፉን ከሁለታችን እጅ በላይ አሳረፈ። ቾክ የነካው፣ ሞቅ ያለ መዳፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የነበረበትን የቀረውን ክረምት በሰማያዊው የልብስ ሳፋ ዙሪያ አሳለፍኩ። በመጀመሪያ ብርቱካንን ጨው በሌለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነከርናት፤ የባሕር ተባይ ባዶ ውሃ ሲገባበት አብጦ ይፈነዳል አለኝ አባዬ። በጎኗ ተጋድማ ስታጣጥር እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፤ «አውጣት፣ አባዬ፣ አውጣት» ስል እሱ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሳ «ትንሽ ቆዪ» ይለኝ ነበር። የተረፈውን ቢጫም ነክረነው ነበር፤ እሱ አልቻለም፣ በማግስቱ ሞተ። ብርቱካን ግን ቻለች። የጨው ውሃ ወደ ሞላነው ሳፋ አስገብተናት ከጅቡቲ የመጣውን የመዳብ መድኃኒት ስንጨምር፣ መጠኑ ካነሰ ተባዩን አይገድልም፣ ከበዛ እሷን ይገድላል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ከሳፋው ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀድተን ቀለሙን ከመድኃኒቱ ጋር ከመጣው የመለኪያ ካርድ ቀለም ጋር እያመሳሰልን እንከራከር ነበር።

መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር ይቆማል፤ በክረምት ደግሞ መብራት ሳይጠፋ የዋለበት ቀን ብርቅ ነው። ያኔ ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ከከፍታ ላይ መልሼ ወደ ሳፋው አፈሳለሁ፤ ትኩስ ሻይ በሁለት ብርጭቆ እንደሚያበርድ ሰው፣ ክንዴ እስኪዝል። እማዬ ከጓዳ ሆና «ይቺ ልጅ ለእኔ አንድ ጆግ ውሃ ቀድታ አታውቅም!» ትል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ብርቱካን የጣልኩላትን ፍርፋሪ ዘልላ ጎረሰች። ነጩ ነገር ጠፍቶ ነበር። አባዬ ሮጦ መጥቶ አየና ከመሬት አንስቶ አሽከረከረኝ። ከዚያ ቀን የበለጠ የተደሰትኩበት ቀን ስለመኖሩ አላውቅም።

መስከረም ገባ፤ አደይ ፈነዳ፣ ጊፋታም ደረሰ። አጎቴ መስታወቱን ከነአሸዋው፣ ከነድንጋዩ አስነስቶ፣ ውሃውንም በጀሪካን አስጭኖ ወደ ሆቴሉ ወሰደ። እኔ አልከፋኝም፤ መስታወቱ የእሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የዋለውን ታላቅ ወንድሜንም እንግዳ መቀበያው ላይ እንደሚቀጥረው ተነገረና ቤታችን በደስታ ሞላ። የሆቴሉ ምረቃ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ የወንድሜ አሮጌ ሸሚዞች በኦሞ ተዘፍዝፈው አገኘኋቸው።

ደብተሬን ሳላስቀምጥ ወደ ሆቴሉ ሮጥኩ። ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለስላሳ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ብርቱካን በሩ ጋ፣ በሰማያዊ መብራት ሥር፣ በዚያው አሸዋ ላይ ትዋኛለች። አጎቴን በኮቱ ጫፍ ጎተትኩት።

«አጎቴ፣ ብርቱካን የእኔ ናት። ኮታ ሰጥተኸኛል።»

«ኮታ ለላም ነው እንጂ!» አለ ድምፁን ለእንግዶቹ ከፍ አድርጎ። «ወተት የላት፣ ጥጃ የላት፣ ምኗን እንካፈላለን? ክንፍ ክንፏን?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልፈራሁም፤ ምስክር ነበረኝ። አባዬ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ፣ አንተ አይደለህ ምስክሩ? እጅህን ከላይ አላደረግህም?»

አባዬ መጀመሪያ አጎቴን አየ፤ ቀጥሎ ባንኮኒው ጀርባ በአዲስ ነጭ ሸሚዝ የቆመውን ወንድሜን አየ። እኔን አላየኝም።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ፤ አላስታውስም። የልጅ ጨዋታ ይሆናል» አለ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደኝ። «ጥቅምት እኮ አላለቀም፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አልኩት። መስማቱን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ባዶውን ጠርሙስ አንስቶ ጠጣ። እማዬ እጄን ይዛ እያወጣችኝ «ዝም በይ፣ የወንድምሽን እንጀራ ልትዘጊ ነው?» አለችኝ በጆሮዬ። ምክንያቱ ይህ ነበር፣ ገባኝም። ለወንድሜ ሲል መሆኑን ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ ወንድሜንም እወደው ነበር። ግን ለብቻዬ ጠርቶ «ልጄ፣ ቸገረኝ» ቢለኝ ራሴ በሁለት እጄ ይዤ እወስድላቸው ነበር። ያንገበገበኝ የዓሣዋ መሄድ ሳይሆን፣ በሰው ፊት ውሸታም አድርጎ ያስቀመጠኝ ያ መዳፍ ነው።

ብርቱካን ጥቅምትን አላጋመሰችም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሆቴሉ መስኮት አያት ነበር፤ ነጩ ነገር ተመልሶባት፣ ጎኗን በድንጋዩ ላይ ስታሽ፣ ከዚያ ታች ስትተኛ። መድኃኒቱ ቤታችን ቁምሳጥን ላይ ነበር፤ አባዬ አላነሳውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ኋላ መስታወቱ ውስጥ የላስቲክ አበባ ተከሉበት። አባዬ ወንበሩን ወደ አጠገቡ ስቦ ሲጠራኝ የቤት ሥራ አለብኝ እል ጀመር፤ ቆይቶ መጥራቱን ተወ። ያቺን ተረትም እኔ ባለሁበት ደግሟት አያውቅም። በእኛ ቤት የተናገሩትም የወለዱትም በአንድ ቀን ጠፋ።

ዛሬ ወንድሜ የራሱ ሥራ አለው፣ አጎቴ ሆቴሉን ሸጦ ሐዋሳ ገብቷል፣ አባዬም ጡረታ ወጥቶ በአረካ መንገድ ካለችው መሬቱ ላይ ከብት ያረባል። እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ፤ ስኳርና ሳሙና ይዤ፣ በአክብሮት። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ሆዴን የማባብላት በአንድ ነገር ነበር፤ ምናልባት እውነቱን ነው፣ ምናልባት በእርግጥ ረስቶት ነው፤ ብዙ የሚያስብ ሰው የልጅ ነገር ይረሳል እያልኩ።

በዘንድሮው ጊፋታ ሊድያ ከበረቱ ሥር አልወጣ ብላ ዋለች። ማታ ልንመለስ ስንል አባዬ ቀይ ጥጃ አሳይቷት «ይቺን ከእኔ ጋር ኮታ እንያዛት፤ በመጣሽ ቁጥር ሣር ታበያታለሽ» አላት። እጃቸውን ተያያዙ። ልጄ ከአጎቷ ልጆች ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ቀና ብላ «አያቴ፣ ምስክራችን ማነው?» አለችው።

አባዬ የጥጃዋን ገመድ ሳብ አደረገ። ጥጃዋ የሊድያን ቀሚስ እያኘከች ነበር። ከዚያ፣ እኔን ሳያይ፣ መሬት መሬቱን እያየ «እናትሽ ትሁን። እሷ አላስታውስም አትልም» አለ።

መዳፌን ከእጆቻቸው በላይ አደረግሁ። ያኔ የእሱ ከላይ ነበር፣ ሰፊና ሞቃት፤ አሁን ከእኔ መዳፍ ሥር ቀጥኖ ቀዝቅዟል። ሊድያ ትስቃለች። እኔ ግን ልስቅላት አልቻልኩም፤ አባቴ አንድም ቀን አልረሳም ነበር። ረስቶት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።