የእህቴን ስም የዋጠው ኮድ

አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጦ የእኔን ኮድ ከፍቶ ያያል... «ገመቹ እባላለሁ፣ ከሱሉልታ ነው የመጣሁት» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። አለቃችን ኦቦ ደበላ ከኋላው ቆመው ፈገግ ይላሉ። ለእኔ እንደዚያ ፈገግ ብለው አያውቁም።

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተፋፋመበት ነው። የቡራዩ መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። የስልክ ኢንተርኔት ጠፍቷል። ቢሮአችን እዚያው ቡራዩ ከብሎኬት ማምረቻ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን ሥራችን ድረ ገጽ መሥራት ነው። ሰበታ ላለ አንድ የግል ኮሌጅ የተማሪ መመዝገቢያ ሠርቼ አስረክቤ ነበር። ብቻዬን ስለሠራሁት እንደ ልጄ ነበር የማየው።

ታዲያ ምን ሆነ... ከቡራዩ የተመዘገቡት ልጆች ይጠፉ ጀመር። ገጹን ሞልተው፣ «ተሳክቷል» የሚል መልስ አግኝተው፣ የስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን አብዛኞቹ የሉም። ከነሱ አንዷ ታናሽ እህቴ ቤዛ ናት። ነርስ ለመሆን ስንት ዘመን የተመኘች ልጅ! ምዝገባው ሊዘጋ ነው፣ ኮሌጁ ደግሞ ስሙ ለሌለ ሰው ቦታ አልይዝም ብሏል። ከተማው ውስጥ «የቡራዩን ልጆች ሆን ብለው ነው የሚያጠፏቸው» የሚል ወሬ ተነሳ። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ወሬ ቀልድ አልነበረም።

ኮዱን በወረቀት አትሜ፣ እስክሪብቶ ይዤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ደገምኩት። ልክ ነው። የራሴን ስም አስገብቼ ሞከርኩት፣ ተመዘገበ። እንግዲህ ጥፋቱ የኮሌጁ ነው ብዬ ለኦቦ ደበላ ነገርኳቸው። እሳቸው በማግስቱ ጠዋት ገመቹን ይዘውልኝ መጡ።

ገመቹ እንደኔ መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው አይደለም። ኮዱን ገለጥ ገለጥ አደረገና ዘጋው።

«ኮዱ ቆሞ ሲታይ ምንም ችግር የለበትም። እስቲ እየሠራ እንየው» አለ።

ሰርቨሩ ላይ አንድ መከታተያ ጫነ። ሰው ገጹን ሲሞላ ኮዱ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ምን እንደያዘ፣ ምን እንደጣለ እግር በእግር እየተከተለ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። እኔም መኖሩን አውቅ ነበር... ለትልልቅ ሥራ ነው ብዬ ትቼው እንጂ። ከዚያ ቤዛን አስጠራና የት እንደተመዘገበች ጠየቃት። መናኸሪያው አጠገብ፣ ጫልቱ ኢንተርኔት ቤት አለችው። ወስደሽ ታሳይኛለሽ ሲላት ፀጉሯን እያስተካከለች እሺ አለች። እኔ ውሃ አምጪልኝ ስላት እንኳ እሺ የማትል ልጅ! ተነስቼ ተከተልኳቸው።

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ይባል የለ... ለገመቹ እኔን ሰጥቶታል። መንገዱን ሙሉ ምንም እንዳያገኝ ስጸልይ ነበር። ካላገኘ የምትቀረው የገዛ እህቴ መሆኗን እያወቅኩ።

የስልክ ኢንተርኔት ስለጠፋ የቡራዩ ልጅ ሁሉ የሚመዘገበው ጫልቱ ቤት ነው፣ ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። ገመቹ የቤቱን ባለቤት ጫልቱን «አካም ጅርታ» ብሎ ጀመረና በኦሮምኛ ምን እንዳላት እንጃ፣ አሳቃት። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም፣ ይሄም አናደደኝ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አድርጋ መጀመሪያ ቤዛን፣ ቀጥሎ እሱን እንድትመዘግብለት ጠየቃት።

ጫልቱ የቤዛን ሞልታ ላከች። «ተሳክቷል» አለ። ከዚያ ወደኋላ የሚመልሰውን ቀስት ተጫነች... ቅድም የሞላችው ገጽ ከነቤዛ ስም ተመልሶ መጣ። የቤዛን አጥፍታ በቦታው የገመቹን ጽፋ ላከች።

«ለምን እንደ አዲስ አትከፍችውም?» አልኳት።

«በዚህ ኔትወርክ? እንደ አዲስ ልክፈት ካልኩ እኮ ይሄ ሁሉ ሰው እዚሁ ማደሩ ነው ወንድሜ» አለችኝ።

ገመቹ ይዞት የመጣውን ላፕቶፕ ወደኔ አዞረው። መከታተያው ሁሉንም ይዞታል። ኮዱ ቤዛን «አዲስ ተማሪ» ብሎ መዝግቧታል። ገመቹ ሲመጣ ግን በዚያ በኩል አላለፈም፤ ቤዛ ተመልሳ ስህተቷን የምታርም መስሎት እሷን ፍቆ እሱን በቦታዋ አስቀመጠ። ሰው ሲሳሳት ተመልሶ ማረም እንዲችል ብዬ በገዛ እጄ የጨመርኳት ነገር ናት፣ በጣም የምኮራባት። ከሰልፉ ሁሉ የሚተርፈው መጨረሻ ላይ የተመዘገበው ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ስሞክረው ከራሴ በኋላ ሌላ ሰው አስገብቼ አላውቅም።

ገመቹ እዚያው ቁጭ ብሎ አስተካከለው። ኦቦ ደበላ ኮሌጁን ለምነው ምዝገባው ትንሽ ተራዘመ፣ ጫልቱም ልጆቹን እንደገና መዘገበቻቸው። ወሬው በረደ። ቤዛ ስሟን ዝርዝሩ ላይ ስታይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እውነቴን ነው፣ እኔም ትንሽ አልቅሻለሁ። ወዲያው ግን እንባዋን ጠረገችና ለገመቹ ደወለች።

ይባስ ብሎ ገመቹ ለኦቦ ደበላ «እኔና እሱ ነን ያገኘነው» ብሏቸዋል። ጉራውን ቢነዛ ኖሮ እሱን አምቼ ይወጣልኝ ነበር። ለማማት እንኳ የማይመች ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

እሁድ እማዬ ምሳ ጠራችው። መንገድ ተዘግቶ ይቀራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፣ አልቀረም። ለእኔ የምታስቀምጠውን የዶሮ እግር አውጥታ ለሱ ሰጠችው። ሲበላ አየት አየት ታደርገውና...

«እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ምንኛ ታድላለች» አለች።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው እንግዲህ።