«ሆዷን አሟት ነው»

አክስታችን ካረፉ ወዲህ ለቅሶ ስደርስ ከማን ጎን እንደምቀመጥ ግራ ይገባኛል። ጎንደር የታወቁ የማህፀን ሐኪም ነበሩ፤ ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክለው ሕግ እንዲላላ በየስብሰባው ሲሟገቱ ኖረዋል። በድብቅ ልታስወርድ ስትሞክር የሞተች ልጅ ለቅሶም አያመልጣቸውም ነበር።

አንድ ጊዜ እኔና ወንድሜ ለእንዲህ ያለ ለቅሶ ኮላ ድባ አብረናቸው ሄድን። የሟቿ አባት፣ እንደተለመደው፣ «ሆዷን አሟት ነው» አሉ።

«አያ፣ ሆዷን አይደለም» አሉ አክስቴ። «እኛን ፈርታ ነው የሞተችው።»

«ምነው ዶክተር! በለቅሶ ቤት?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ታዲያ የት ልናገረው? ስብሰባው ላይ እናንተ አትመጡልኝ!»

ወንድሜ ይህን ያሉት በሹክሹክታ ነው ይላል፤ እኔ ግን ድንኳኑ ሁሉ የሰማ ይመስለኛል። የማልጠራጠረው አባትየው ተነስተው ወደ አክስቴ መምጣታቸውን ነው።

«ታናሿ ጓዳ ናት» አሉ። «አንድ የሚያስጨንቃት ነገር አለ፤ ለእኔ አትነግረኝም። እስቲ እርስዎ ያነጋግሩልኝ።»

አክስቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተከተሏቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ አባት ማንን አስከትሎ ወደ ጓዳ እንደሚገባ አላውቅም።