ከአባይ በረሃ ያልወጣው ወንድም

«አውሮፕላን የት አየህና ነው? የምንሄደው በመኪና» አሉ አያ ሙላት።

አንዱዓለም የውሃ መጥለቂያ ኮምፒውተሩን ከእጁ ሳያወልቅ ደግሞ አሳያቸው። ሰዓት ነው የሚመስለው፤ መስታወቱ ላይ መብረር የምትከለክል፣ አንዲት የተሰረዘች የአውሮፕላን ሥዕል አለች። ከፍታ ከሆነ ለደሙ ሁሉም አንድ ነው አላቸው፣ ተራራም አውሮፕላንም።

ጎህ እየቀደደ ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ አባይ ድልድይ አጠገብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነን። ውጭ ፒክአፑ ላይ የአንዱዓለም ታናሽ ወንድም የይበልጣል አስከሬን በሸራ ተጠቅልሏል። ይበልጣል ሲዋኝ ሰምጦ፣ አብሮ አደጌ አንዱዓለም ከጅቡቲ ወደብ፣ ጠልቆ መርከብ ከሥር ከሚያጸዳበት፣ የአየር ሲሊንደሩን ይዞ እስኪደርስ ድንጋይ ሥር ቆየ።

ትናንት ደጋግሞ ጠለቀ። አግኝቶት ሲወጣ ውሃው መሃል ላይ ቆመ። አጎቱ አያ ሙላት ተይዟል ብለው የታሰረበትን ገመድ ሊስቡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ፤ ኮምፒውተሩ ቁም ሲለው እንደሚቆም ነግሮኝ ነበር። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የተነፈሰው አየር ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ቸኩሎ ከወጣ፣ ወይም ወዲያው ደጋ ከወጣ፣ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሆናል። ቀብሩ ደግሞ ፈረስ ቤት ነው፣ ደጋ።

«ነገ እደርሳለሁ፣ አያ» አለ አንዱዓለም።

«ሬሳው ነገን አይጠብቅም» አሉና ጋቢና ገቡ። አንዱዓለምን እዚያው ትተን ተነሳን።

ቡሬ። ዳገቱን ስንጨርስ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ስለ እሱ ደም አሰብኩ። ሻይ አዘዝን፣ ፓስቲውን የነካ የለም። የባጃጅ ሾፌሮች ሸራውን አይተው ሙዚቃ ቀነሱ።

ፍኖተ ሰላም። ሾፌሩ ነዳጅ ሲጠብቅ፣ በጋሪዎቹ መካከል ተሻግሬ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ውሃ ውስጥ ከመጥለቅ የሚመጣ በሽታ እዚህ ይታከም እንደሆን ጠየቅሁ። ባለሙያው ጎጃም ውስጥ ምን ሊያመጣው ብሎ ፈገግ አለ፤ ፊቴን ሲያይ ሕክምናው አዲስ አበባም መኖሩን እንጃ አለኝ። አያ ሙላት ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል። ሳያዩኝ ወደ መኪናው ተመለሱ።

ፈረስ ቤት። ጭጋግ፣ ጭቃ፣ እርጥብ ጋቢ። ቀብረን ስንመለስ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። እናትየው እማማ ጥሩ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አንዱዓለም ቢመጣ ይሞት ነበር?»

መዋሸት አማረኝ፤ አልቻልኩም። ምናልባት ሽባ ያደርገው ነበር፣ ምናልባትም ምንም አይነካውም ነበር አልኳቸው።

«ሰማሽ እህቴ? በምናልባት ነው የቀረ» አሉ አያ ሙላት።

እማማ ጥሩ መቀነታቸውን እያጠበቁ መሬት መሬት አዩ።

«እንኳን ቀረ።»

አያ ሙላት ዱላቸውን አንስተው በሰው መካከል ወጡ፤ በሩ ተዘጋ።