አጎቴን ማን አስደነገጠው?

አጎቴ የትራክተር መካኒክ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ከጎንደር ወደ ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ከገባ ጀምሮ፣ ባሱንዳ በሚባለው የእርሻ አገር ያለ ገበሬ ሞተሩ ሲያስቸግረው የሚጠራው እሱን ነው። ከሥራ ሲመለስ ሰሊጥ ገበያው አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ዶሚኖ ይጫወታል። የዘወትር ተጋጣሚው ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ መካን ግን በሥዕል ብቻ የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሐጂ ድንጋይ ሲጥሉ ጠረጴዛውን ሊሰብሩት የተነሡ ይመስላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ድንጋዩን ጓ ሲያደርጉት፣ አጎቴ ደረቱን ይዞ ወደ ጎን ዘመመ። እኔ አጠገቡ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሊሸነፍ ሲል የሚያመጣው ተንኮል መሰለን።

"ተነሥ፣ ይህን አላምንልህም" አሉት ሐጂ።

ፊቱ ግን አመድ መስሏል፤ ላቡ ይወርዳል፤ እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል። ለሁለት ተሸክመን ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ ጫንነውና ሆስፒታል ደረስን። ሚስቱ አክስቴም ወሬው ደርሷት ነጠላዋን እየጎተተች መጣች።

ሐኪሙ ወጣት ሱዳናዊ ነበር። የልቡን ምት መርምሮ የደም ግፊቱን ደጋግሞ ለካና በዐረብኛ እንዲህ አለን፦ "የልቡ የደም ሥር ተዘግቷል። ሰድማ ውስጥ ነው ያለው። አሁኑኑ መደኒ ከተማ ይወሰድ፤ ሥሩን የሚከፍቱት እዚያ ነው።"

ሰድማ ማለት ድንጋጤም ማለት ነው። የአክስቴ ዐረብኛ የገበያ ዐረብኛ ነውና ከተነገረው ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ለቅማ ያዘች።

"ደንግጦ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አይደለም አክስቴ። ልቡ ደም መግፋት አቅቶት ነው። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሰድማ ይሉታል።"

"ሰድማ ድንጋጤ አይደለም?"

"ነው፤ ግን..."

"ታዲያ ማን አስደነገጠው?"

ይህን እያለች ዞር ስትል ሐጂን አየች። ሐጂ የአጎቴን ጫማ ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። አክስቴ በንዴት እንኳ አንቱታዋን የምትጥል ሴት አይደለችም። "ባሌን የገደሉት እርስዎ ነዎት" አለቻቸው። አልሞተም ብል ማን ይስማኝ።

በአምቡላንስ ወደ መደኒ ስንሄድ ነርሱ ከተንጠለጠለው መድኃኒት ላይ ዓይኑን አልነቀለም። አጎቴ አንዳንዴ ዓይኑን ይገልጣል፤ አንዳንዴ ስንጠራው አይሰማም። እኔም ፈርቼ ነበር። አክስቴ ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች፤ ከዚያ እንባዋን ትጠርግና "ሐጂ ድንጋዩን ሲጥሉት ድምፁ ምን ያህል ነበር?" ትለኛለች።

መደኒ እንደደረስን ወዲያው አስገቡት። የልብ ሐኪሟ ስትወጣ ድካሟ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ከእጁ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቡ ድረስ ሄደዋል። የታመሙት ሥሮች ሦስት ናቸው አለች። ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ የጣለውን አንዱን ከፍተው፣ መልሶ እንዳይዘጋ በውስጡ ትንሽ የሽቦ መረብ አኑረዋል። የቀሩት ሁለቱ ጠበዋል እንጂ አልተዘጉም። እንዲህ ተዳክሞ ሳለ ሥራውን ማርዘምና ሥሩን ለማየት የሚወጋውን ቀለም ማብዛት ኩላሊቱን ሊጎዳው ስለሚችል፣ ሲበረታ እናያቸዋለን አለችኝ።

ሁሉንም ለአክስቴ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝና "ስለ ድንጋጤው ምን አለች?" አለችኝ።

አጎቴ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። የደም ግፊቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ነገረኛነቱም አብሮ ተመለሰ። ሐኪሟ ልታየው ስትመጣ "ሦስት ቧንቧ ታሞ አንዱን ብቻ ከፍቶ የሚተው መካኒክ ባሱንዳ ላይ በዱላ ነው የሚባረረው፤ ንገራት" አለኝ። እያፈርኩ ተረጎምኩላት።

ሐኪሟ ሳቀች። "አንተ ሞተር ሳታጠፋ፣ ያውም ሊቆም እየተንተፋተፈ፣ ጠግነህ ታውቃለህ?" አለችው።

"አላውቅም።"

"እኔ እንደዚያ ሆነህ ነው የጠገንኩህ። ሌላው ሞተሩ ሲረጋ ይደርሳል።"

ከሄደች በኋላ አጎቴ "ሙያዋን ታውቃለች" አለኝ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ሐጂ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው በአውቶቡስ ከገዳሪፍ መጡ። ይቅርታ እንዲጠይቁ በስልክ የጠራቻቸው አክስቴ ናት። ሐኪሟ አጎቴን የጎዳው ለዓመታት ያጨሰው ሲጋራ መሆኑን፣ ዶሚኖ የደም ሥር እንደማይዘጋ በግልጽ ነግራን ነበር። አክስቴ ግን "ይቅርታ ማንን ይጎዳል?" ብላለች።

ሐጂ አልጋው ግርጌ ቆመው "ምን እንዳደረግሁህ ባላውቅም፣ አስደንግጬህ እንደሆነ ይቅር በለኝ" አሉት።

አጎቴ የሲጋራውን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ዳኛ አዳመጣቸውና "ይቅር ብያለሁ። ግን ያቺ ጨዋታ የኔ ናት" አላቸው።

ሐጂ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹም መሬት መሬቱን አዩ። "መቼም ታመሃል" አሉት ሐጂ፤ "ትሁንልህ።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ግንባሩን ሳሙት፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ሲበረታ ወደ መደኒ ተመልሰን ሁለተኛውን ሥር አስከፈትን። ሦስተኛውን በመድኃኒት እንይዘዋለን አሉን። አጎቴ ሲጋራውን እየተራገመ ተወ። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ አንቀላፋ፤ አክስቴም በየደቂቃው እጇን አፍንጫው ሥር እያደረገች ትንፋሹን ትፈትሽ ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ "አለሁ፤ አስተኚኝ" አላት።

እሺ አለችው፤ እጇን ግን አላነሣችም።