ሳይገቡ መመገብ

ብየዳ ሠራተኛውን ሰፈሩ ሁሉ «ባሩድ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የጋራዡ ባለቤት ነው፤ «ክብሪት ሳይጭሩበት የሚፈነዳ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው» ብሎ። እጁ ከአፉ ይቀድማል። ሌላው ሰው ተቆጥቶ፣ ተሳድቦ፣ ተጋፍቶ ነው ዱላ ላይ የሚደርሰው፤ ባሩድ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። አባቱም እንደዚያው ነበሩ። በልጅነቱ በቀበቶ ዘለበት የፈነከቱት ቦታ እስከ ዛሬ ፀጉር አያበቅልም። እናቱ ደሙን በጨርቅ እየጠረጉ «ዝም በል ልጄ፣ ይብስባቸዋል» ይሉት ነበር። እሱ ግን ከዚያ ቤት ይዞ የወጣው ዝምታውን ሳይሆን ዱላውን ነው።

ከጋራዡ ሥራው የተባረረው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። አንድ መለዋወጫ ነጋዴ የበየደለትን በር አገላብጦ አየና «ይሄማ የሕፃን ሥራ ነው» አለ። ባሩድ በእጁ የነበረውን የብረት መቆንጠጫ እንደያዘ ፊቱ ላይ አሳረፈው። የነጋዴው መንጋጋ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ከግቢው ማዶ ተሰማ ይላሉ። ሰውየው የወለቀ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ባሩድ ታስሮ ከረመ።

ሲፈታ የሚቀጥረው አጣ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱ በእሷ መርፌ ነበር የቆመው። ከግቢው ጀርባ፣ አጥሩን ተጠግቶ፣ በቆርቆሮ አንድ ቤት ሠሩና እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አስገቡበት።

«ዶሮ አይመልስልህም፣ አይሰድብህም» አለችው። «ከዚህ የተሻለ የሚስማማህ ሥራ የት ይገኛል?»

እውነትም ለጥቂት ወራት ተስማማው። ከዚያ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አመጡ፤ እግሩ ላይ እንደ ሚስማር የሾለ ጥፍር ነበረው። አንድ ቀን ባሩድ መኖ ሊያፈስ ጎንበስ ሲል አውራው ዘሎ ፊቱ ላይ ወጣና የዓይኑን ቆብ ሸረከተው። ባሩድ ሁለት እግሩን ጨብጦ ከምሰሶው ጋር አላተመው። ደጋገመው። ጭንቅላቱ ተለይቶ ወድቆ እንኳ አልተወውም፤ በእጁ የቀረው ላባና ሥጋ ብቻ እስኪሆን ድረስ ወቀጠው። ደሙ ቆርቆሮው ላይ ተረጨ። ዶሮዎቹ እየጮሁ ወደ አንድ ጥግ ተምመው እርስ በርስ ተደራረቡ። «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸባቸው፤ ጩኸቱ ይበልጥ አስደነገጣቸው። ሚስቱና ሴት ልጁ ሮጠው መጥተው ክምሩን ከላይ ከላይ ሲያነሡ፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ሞተው ነበር፤ ሰውነታቸው ገና አልቀዘቀዘም። አንዳንዶቹ እንደ ተረገጠ ጨርቅ ተጠፍጥፈው ነበር።

ልጅቱ ትምህርት ልትጨርስ የተቃረበች ናት። የሞቱትን በጆንያ ሰብስባ ስታወጣ አባቷን ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባዬ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ዶሮዎቹ የባሩድን ኮቴ ለይተው አወቁት። በሩ ላይ ሲደርስ ጥግ ይዘው ይቆለላሉ። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሞከረ፤ ያው ነው። የሚስቱን ነጠላ ደርቦ ገባ፤ ያው ነው። ስለዚህ መመገቡ የእናትና የልጅ ሥራ ሆነ።

ይህም ብዙ አልቆየም። አንድ እሑድ ሚስቱ «ቢያንስ ገንዳውን እጠበው፣ ገንዳ አይፈራህም» አለችው። እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። ገፈተራት። በሲሚንቶው ደረጃ ላይ በእጇ ስትወድቅ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሐኪም ቤት «አዳልጦኝ ነው» አለች። ልጅቱ ከጎኗ ቆማ፣ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እየሰማ፣ «አላዳለጣትም፣ ገፍቷት ነው» አለች። ሐኪሙ ጀሶውን እያለሰለሰ ባሩድን አየው። ባሩድ ጣሪያውን አየ።

እንግዲህ እናት እጇ በጀሶ ታሽጓል፤ ልጅ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው። ቀን ላይ ለዶሮዎቹ መኖ የሚሰጥ የለም። መኖ ሲዘገይ ደግሞ ዶሮ ጨካኝ ነው፤ ደካማዋን ከብበው እስኪደማ ይነቁሯታል፤ ደም ካዩ በኋላ አይመለሱም። ባሩድ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቆ አንዲት ዶሮ በቁሟ አንጀቷ ሲጎተት አየ። ገብቶ ሊያድናት ፈለገ። ከገባ ደግሞ ታፍነው የሚሞቱት ይበልጣሉ። እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ ቆመ፤ ዶሮዋ አለቀች።

በማግሥቱ «ሽቦ» ወደሚሉት ሬዲዮ ጠጋኝ ሄደ። ሽቦ ባሩድን የማይፈራ ብቸኛ ሰው ነበር፤ አንድ ጆሮው ስለማይሰማ ስድብም ቁጣም ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሰው ይባላል።

«ሪሞት ፈልጌ ነበር» አለው ባሩድ።

«ለምን?»

«ለዶሮ።»

«ዶሮህ ቴሌቪዥን ማየት ጀመረች እንዴ?»

የባሩድ ቡጢ ተጨበጠ፤ ሽቦም አየው። ግን ቀና ሳይል ብየዳውን ቀጠለ። ባሩድ ቀስ ብሎ ቁጭ አለና «እኔ ሳልገባ እንዲበሉ እፈልጋለሁ» አለ። ሽቦ ያኔ ነው ሥራውን ያስቀመጠው። ከተጋጨ መኪና የወጣ የማንቂያ ደወል ከነሪሞቱ አውጥቶ ሰጠው፤ ቁልፉ ሲጫን በደወሉ ፈንታ ሞተር እንዲያስነሣ የትኛው ገመድ ከየት እንደሚገናኝ አሳየው።

የቀረው የባሩድ የገዛ ሙያው ነበር። የዘይት በርሜል ሥሩን ቀዶ መኖ ማጠራቀሚያ አደረገው። ከቆርቆሮ ቀለበት ቀለበት እየቆረጠ፣ እየሳበ፣ በአንድ ረጅም ብረት ዙሪያ እንደ ቡሽ መንቀያ በየደው፤ ጠመዝማዛው ቱቦ ውስጥ ሲዞር መኖውን እየገፋ ገንዳው ላይ ያፈሰዋል። የሚያዞረው የአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ ኃይል የሚሰጠው የመኪና ባትሪ። ዶሮዎቹ ሲመሽ ስለሚደነዝዙ፣ ውስጥ ያለውን ክፍል ልጅቱ አመሻሽ ላይ ገብታ ገጠመችው። ለእሱ ብላ ሳይሆን ለእናቷ ብላ።

ሲሞከር ግን ሞተሩ እንደ ወፍጮ አንጓጓ። ዶሮዎቹ ተቆለሉ፤ ሁለቱ ሞቱ። ባሩድ ቱቦውን ነቅሎ መሬት ላይ ፈጠፈጠው፤ በርሜሉን በቡጢ ደበደበው፤ የጣቶቹ አንጓ ተሰነጣጥቆ አጥንቱ እስኪታይ ደበደበው። ሚስቱ በመስኮት እያየች ነበር፤ አልወጣችም። በዚህች ቤት የሚደበደበው በርሜል ከሆነ ጥሩ ቀን ነው።

ከዚያ ቁስሉን ጠቅልሎ እንደገና ጀመረ። ሞተሩን ከዶሮ ቤቱ ግድግዳ ውጭ አወጣው፤ ከሥሩ የመኪና ጎማ ቆርጦ አነጠፈለት፤ የጠመዝማዛውን ጠርዝ ቱቦውን እንዳይፍቅ ሞረደው። ወጥ ቤት ቆሞ ቁልፉን ሲጫን የተሰማው እንደ ንብ እምም የሚል ብቻ ነው። በቀዳዳ አየ። አንዲት ዶሮ አንገቷን ሰገግ አድርጋ መጣች፣ ሌላ ተከተለች፣ ከዚያ ሁሉም። ምንቃራቸው ቆርቆሮው ላይ እንደ ዝናብ ይንጣጣል። የማይፈሩ ዶሮዎችን ማየት ለእሱ አዲስ ነገር ነበር፤ ፊቱን በቁስሉ መጠቅለያ ጠረገ።

ሚስቱ ከኋላው መጥታ አብራ አየች። «አበጀህ» አለች። ከዚያ እንደ ማሰብ ብላ፣ «ለእኛም እንዲህ ያለ ብትሠራልን» አለች።

«ምን ያለ?»

«አንተ ሳትገባ የምንበላበት።»

በጥላቻ አልተናገረችውም። እውነት ስለነበረ ግን አጥንቱ ድረስ ተሰማው። ባሩድ ዞረና በመዳፉ አጮላት፤ ከንፈሯ ተቀደደ። ጀሶ ያለውን እጇን ከፍ አድርጋ ፊቷን ስትከልል ያንኑ እጅ ያዘና ጠመዘዘው። ጩኸቷ እንግዳ ድምፅ ነበር፤ እሱ ራሱ እንኳ እንዲህ ስትጮኽ ሰምቷት አያውቅም።

እሳት አመድ ይወልዳል የሚሉት ሁልጊዜ አይሠራም። ልጅቱ የገዛ መዶሻውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አንሥታ ትከሻው ላይ በሁለት እጇ አወረደችው። አጥንቱ ተሰበረ። በጉልበቱ ሲወድቅ ደገመችው፤ ጎኑን መታችው። ሦስተኛውን አንሥታ ጭንቅላቱ ላይ አነጣጥራ ቆመች። ጥርሷን ነክሳ፣ በአፍንጫዋ ብቻ እየተነፈሰች፣ ዓይኗ ሳይርገበገብ። ባሩድ ያን ፊት ያውቀዋል። ከሥር ሆኖ ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነበር፤ የለም፣ በልጅነቱ ከአባቱ ሥር ሆኖም አይቶታል።

«ተይ የኔ ልጅ» አለች እናቷ፣ ደም እየተፋች። «እሱ የታሰረበት ቤት አንቺ አትሂጂ።» ከዚያ ወደ ባሩድ ዞራ «ተነሥተህ ውጣ። አጥንትህ ሲገጥምም አትመለስ» አለችው።

ወጣ። ሽቦ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቀለት። ሪሞቱ ኪሱ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ቀን ቀን ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከአጥሩ ኋላ ባለችው መንገድ ይመጣል። ልጅቱ ጠዋት በርሜሉን ትሞላለች፤ እሱ ከውጭ ይጫናል፤ ሲበሉ ሰምቶ ይሄዳል። ሚስቱ እምምታውን ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ትሰማው ነበር። ግቢውን አልከፈተችለትም። አላባረረችውምም።

ሰውየው ተለወጠ ብላችሁ እንዳታስቡ። በዚያው ክረምት አንድ ሰካራም በሱቁ በር ላይ ሽንቱን ሲሸና አግኝቶ ከቦዩ ውስጥ ከትቶ ረገጠው፤ ሽቦና ሁለት ወዛደሮች ተረባርበው ነው ያስጣሉት። ገና ያልገጠመው ትከሻው እንደገና ተላቀቀ። ነገር ግን ወደ ቤቱ ሄዶ አንድም ቀን በሩን አልደበደበም።

ከጊዜ በኋላ ልጅቱ ሱቁ በር ላይ መጣች። አልገባችም።

«ሞተሩ ተቃጥሏል» አለች።

«ካርቦኑ ይሆናል ያለቀው።» ተነሥቶ ፈልጎ ትንንሾቹን የካርቦን ቁራጮች አመጣላት። «ሁለቱን ብሎኖች ትፈቻለሽ፤ ምንጯን እንዳትጥያት ያዣት፤ አሮጌውን አውጥተሽ ይሄን ትከቻለሽ። ከፈለግሽ…»

«ና አላልኩህም።»

«ገብቶኛል።»

መዳፏን ዘረጋችና ተቀበለችው። ከዚያ እጇን አልመለሰችም። «ሪሞቱንም» አለች። «እማዬ ድናለች። ከእንግዲህ እኛው እንጫነዋለን።»

ባሩድ ከኪሱ አውጥቶ ሲያየው ቆየ። ሽቦ የሚሰማውን ጆሮውን ወደ እነሱ አዞረ። ባሩድ ሰጣት።

«ትከሻህስ?» አለች፣ ልትሄድ ስትል።

«ሲበርድ ያመኛል።»

«ይመምህ» አለችና መንገዱን ተሻግራ ሄደች። እሱም የተንጠለጠለውን ክንዱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰው መሃል ገብታ እስክትጠፋ ድረስ በዓይኑ ሸኛት።