አብዱልጀባር ያመጣው የባሕር ውሃ

ባሌ አብዱልጀባር የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። አዳማ ውስጥ «አብዱልጀባር ጭኖታል» ከተባለ ነጋዴው አርፎ ይተኛል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ሲመሰገን ደረቱን መንፋቱን ተዉት! በውሃ ጉዳይ ግን አይቻልም። አብተው የሚባል ባልደረባው በረሃ ላይ አተት ይዞት፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ እጁ ላይ ሞተበት። ከዚያ ወዲህ ጀሪካን ይሁን ኮዳ፣ የውሃ ማከሚያ ክኒን ሳይጨምር ክዳን አይገጥምም። የቤታችን ውሃ ሁሉ በረኪና በረኪና ይላል። ብዬ ብዬ ሰለቸኝና ተውኩት።

ሑስና የወንድሙ ልጅ ናት፤ እኛ ቤት ነው ያደገችው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው የባሕር ባክቴሪያ ነው። «ባሕር በሌለበት አገር? ያ ረቢ!» ብዬ ስቄባታለሁ። እሷ ግን አስረዳችኝ። በአንዲት ማንኪያ የባሕር ውሃ ውስጥ ያሉት የአዳማን ሕዝብ ይበልጣሉ አሉ። የወደቡ ዳር ሌላ ዓይነት፣ የመሃሉ ሌላ ዓይነት ነው። እኛ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ዘመዶቻቸው ይኖሩ እንደሆን ልታነጻጽር ነው። የሻላውን ራሷ ሄዳ ቀዳች። የባሕሩን አብዱልጀባር ሊያመጣላት ቃል ገባ። ጠርሙሶቹንና የበረዶ ሳጥኑን ሰጥታ፣ «አጎቴ፣ እንዳለ አምጣልኝ» አለችው።

አመጣላት። አንዱን ከወደቡ አጠገብ፣ አንዱን ከታጁራ ከተማ ዳር፣ አንዱን ደግሞ ዓሣ አጥማጆችን ለምኖ በጀልባ ገብቶ ከመሃል። ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው።

ጥናቷን የምታቀርብ ቀን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥን። አብዱልጀባር የዒድ ልብሱን ለብሷል። ሑስና የሻላውን በስክሪን አሳየች፤ የመሞከሪያው ሳህን ላይ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ብርቱካንማ የባክቴሪያ ነጠብጣብ ግጥም ብሏል። የባሕሩ ሳህኖች ግን ባዶ ናቸው። ሦስቱም! ይህን ቤት ውስጥ ተንፍሳው አታውቅም። ለካ እሱ እንዳይከፋው ብላ ነው።

መምህሯ ዶክተር ቀልቤሳ መነጽሩን አወለቀ። «ባሕር ባዶ አይሆንም። ውሃው ምን ሆነ?»

«እንዳለ ነው የመጣው። ያመጣው አጎቴ ነው፤ በእሱ አልጠራጠርም» አለችና ወደ እኛ ጠቆመች።

ዶክተሩ በአክብሮት ዞር ብሎ፣ «አባቴ፣ ከቀዱ በኋላ የጨመሩበት ነገር አለ?» ሲል ጠየቀው።

ያኔ ገባኝ። ሰረቅ አድርጌ ሳየው ግንባሩ ላብ አውጥቷል፤ ለእሱም ገብቶታል። ሰው ሁሉ ያየዋል። «ምንም» አለ።

ምንም! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። ዶክተሩ ወደ ሑስና ዞረና፣ «እንግዲያው ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። በዚህ ሁኔታ ዘንድሮ አትመረቂም» አላት። ልጅቷ ወረቀቷን ሰበሰበች።

ደጅ ስንወጣ የአብዱልጀባርን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። «ያን ሁሉ ተንከራትተህ ያመጣኸውን አበላሸሁት። ሰው ፊትም አሳፈርኩህ። አፉ በለኝ፣ አጎቴ» አለች እያለቀሰች።

ክንዷን ይዞ አነሳት። ከዚያ ጥሎን ወደ አዳራሹ ተመለሰ፤ እየሮጥን ተከተልነው። ሰዉ ገና አልተበተነም ነበር።

«ዋሽቼ ነው» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ክኒን ጨምሬበታለሁ፣ በሦስቱም። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ዶክተር ቀልቤሳ ግን አልሳቀም። «ታዲያ ቅድም ስጠይቅዎ?»

«አፈርኩ፣ ልጄ።»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበና አዲስ ናሙና ከመጣ እንደገና እንድታቀርብ ፈቀደላት። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ባጃጅ ተሳፈርን። ቤት ልንደርስ ስንል አብዱልጀባር ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «በሚቀጥለው ጉዞ አመጣልሻለሁ፤ እንዳለ» አላት።

«አይ አጎቴ» አለችው፣ በጣም ቀስ ብላ። «ራሴ ሄጄ እቀዳለሁ።»

አዳራሹ ሲስቅበት ያልወረደው እንባ ያኔ ወረደ።