ከትልቁ ሰዓት ሥር፣ በሦስት ሰዓት

ሙሉ የወሎ ወረባቦ ልጅ ናት። ጂዳ፣ ኦብሑር በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ካለ ቪላ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የማዳሟን ሦስት ልጆች አዝላ ያሳደገች እሷ ናት፤ እዚያ ቤት ቀኑ የሚሰፈረው በተማሪዎቹ አውቶቡስና በአዛን ነው። እናቷን ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት በስልክ እንጂ በዓይኗ አላየቻቸውም።

እኔ ለዑምራ መጥቼ እዚያው ጂዳ፣ ባግዳዲያ ሰፈር፣ የወንድሜ ልጅ ሙኒር ቤት ባረፍኩ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ የጫማ ካርቶን አቅፋ ገባች። እናቷ ከመንደሯ ሴቶች ጋር ለዑምራ መጥተው መካ ናቸው። ማዳም እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ፈቅዳላታለች፤ ሙኒር በመኪናው ሊያደርሳት ነው።

“ምን ያስቸኩላል፣ ቀጠሯችን ከቀትሩ ሶላት፣ ከዝሁር በኋላ ነው” አለች ሻይ ስቀዳላት። “ጋሼ፣ ድምፅዋን ላስሰማዎት?”

መልእክቱ ማታ ከቡድን መሪያቸው ስልክ የተላከ ነበር። “ሙሉዬ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከትልቁ ሰዓት ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ወደ መዲና ይወስዱናል፤ ከዚያው ነው አገር ቤት የምንገባው። እግሬን አሞኛል፣ የትም አልሄድም።”

“ለእግሯ ነው ይቺን ለስላሳ ጫማ የገዛሁት” አለች ሙሉ ካርቶኑን እየዳበሰች።

ብርጭቆዬ ከንፈሬ ሳይደርስ ቆመ።

“ሙሉ፣ ሦስት ሰዓት በማን ሰዓት?”

“እንዴት በማን? ሦስት ነዋ። ከሰዓት፣ ከዐሱር ሶላት ትንሽ ቀደም ብሎ።”

“እናትሽ እኮ የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ ነው።”

ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስምንት ከአርባ ይላል። በእናቷ አቆጣጠር ሁለት ከአርባ።

“ያ ረቢ” አለች። የቡድን መሪው ጋ ሦስት ጊዜ ደወለች። ዝግ ነው።

ሙኒር ቁልፉን አንስቶ “ይገርማል፤ አሥራ አንድ ዓመት ናፍቀሽ ናፍቀሽ የእናትሽን ሰዓት ረሳሽው?” አላት።

“አንተስ መልእክቱን ሰምተህ አይደል ‘ገና ነው፣ ቁርስ ብዪ’ ያልከኝ?”

ሙኒር ወደ በሩ ቀደመ። እሱም እዚህ ዘጠነኛ ዓመቱ ነው።

መንገድ ላይ ሙሉ ስልኩን ደጋግማ ትሞክራለች። እኔ ግን በሐሳቤ ከራሴ ጋር ተያያዝኩ። የጂዳና የወሎ ፀሐይ እኩል ናት ማለት ይቻላል፤ የሰዓቱም መርፌ እኩል ይዞራል። ታዲያ እናትና ልጅ በአንድ ፀሐይ ሥር እንዴት ስድስት ሰዓት ይራራቃሉ? ሰው አገሩን የሚለቀው ድንበር ሲሻገር ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሳያውቀው፣ አንድ ቀን መቁጠሪያውን ሲለውጥ ነው። ፍጥነት እጠላለሁ፤ ያን ዕለት ግን “ትንሽ ንካው” ያልኩት እኔ ነኝ።

መካ መግቢያ ኬላው ላይ ወታደሩ ኢቃማዋን ጠየቃት። ቦርሳዋን ገለበጠች፣ የለም። መኪኖች ከኋላችን ጡሩምባ ነፉ። መታወቂያዋ በመጨረሻ ከካርቶኑ፣ ከአንደኛው ጫማ ውስጥ ተገኘ። ወታደሩ ጫማውን አየ፣ እሷን አየ፣ እጁን አወዛውዞ አሳለፈን።

የመካው ግዙፍ የሰዓት ማማ ከተራሮቹ በላይ ብቅ ሲል አሥር ከሩብ ይላል። ሙኒር አውርዶን ማቆሚያ ፍለጋ ሄደ። ሙሉ ነጠላ ጫማዋ እየወለቀ በሕዝቡ መሃል ትሮጣለች፤ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ።

ከሰዓቱ ሥር አንድ ቀጭን እናት፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሙሉ ፊቷን ገና ሳትገልጥ እጃቸውን ዘረጉላት።

“እንዴት አወቅሽኝ?”

“አሯሯጥሽ የአባትሽ ነው።”

አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። “እማዬ፣ እኔ እኮ ከሰዓት መስሎኝ…”

“አብሽሪ። እኔ የምወቅሰው ያቺን ነው” አሉ እናት ወደ ትልቁ ሰዓት በአገጫቸው እያመለከቱ። “ያን ታህል ገዝፋ ትዋሻለች። በሦስት ሰዓት ቀና ብዬ ባያት ዘጠኝ አትልም? ‘ልጄ ይቺን ሰዓት ብታምናት ነው የቀረችው’ አልኩ። ሌሎቹ ካዕባን ሊሰናበቱ ሲሄዱ እኔ ቁጭ አልኩ።”

ሙሉ ተንበርክካ ጫማውን አጠለቀችላቸው። “ጠበበሽ?”

“እግሬ ነው ያበጠ። ይሰፋል።”

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ፈቀቅ አልኩ። አብረው የሚቆዩት ሁለት ሰዓት ይሆናል የተባለው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሆነ። ሙሉ ግን አንዷንም አላባከነቻትም፤ የእናቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ እያሸች ታወራለች፣ ትስቃለች።

የቡድን መሪው መጥቶ ሴቶቹን ሰበሰበ። እናት አዲሱን ጫማ እየረገጡ፣ እየዞሩ እያዩ፣ አውቶቡሱ ላይ ወጡ።

“ስንት ሰዓት ሆነ? ዓይኔ አይደርስም” አልኳት ሙሉን።

ቀና ብላ አየች። መርፌው አሥራ አንድ ላይ ነበር።

“አምስት” አለችኝ።